የግራንት መገምገሚያ ሲስተም ስንቀይር፦ ዳታው ሳይጎድል፣ ምስጢሩ ሳይወጣ

ግራንት (ለምርምር የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) የሚገመገምበት አሮጌው ሲስተም አሥራ ምናምን ዓመት አገልግሏል። የሠራው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆየ። እንዳይበላሽ እየተባለ ማንም አይነካውም። የማመልከቻ መዝጊያ ቀን በመጣ ቁጥር ሲስተሙ ይተኛል፣ የፕሮግራሙ ኃላፊ ደግሞ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። አንድ ቀን አለቆች ይመጡና "አዲስ ፕላትፎርም ገዝተናል፣ በሦስት ወር ውስጥ አዛውሩት" ይላሉ።

ይህ መመሪያ ሥራው እጁ ላይ ለወደቀበት ሰው ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልናገር። ዳታውን ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ መገልበጥ እዳው ገብስ ነው። ጎበዝ ባለሙያ ካለ በሳምንታት ያልቃል። የግራንት ግምገማን ከባድ የሚያደርገው ማን ምን ማየት እንደሌለበት የሚወስነው ሕግ ነው። ከሽያጭ ሲስተም ደረሰኝ ቢጠፋ ተፈልጎ ይገኛል። የገምጋሚ ስም ግን አንዴ ለአመልካቹ ከታየ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች እኩል ክብደት የላቸውም። 5ኛውንና 6ኛውን ሁለት ጊዜ አንብቧቸው።

1. መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ክፈቱ

ግራንት በዙር ነው የሚሄደው። ጥሪ ይወጣል፣ ማመልከቻ ይገባል፣ ለገምጋሚ ይመደባል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ፓነል (የገምጋሚዎች ጉባኤ) ይሰበሰባል፣ ውሳኔ ይላካል። ከዚያ ክፍያና ሪፖርት ይከተላል። እነዚህን ቀኖች ለየፕሮግራሙ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሯቸው። ለመዛወር የሚመች ክፍተት የት እንዳለ ያኔ ይታያችኋል።

የኔ ሕግ አንድ ነው፦ በአሮጌው የተጀመረ ዙር በአሮጌው ይለቅ። አምስት ማመልከቻ ተሰጥቶት ሁለቱን ብቻ የጨረሰ ገምጋሚን መሀል ላይ ወደ ሌላ ሲስተም አትውሰዱት። የቀሩትን ሦስቱን ላይሠራላችሁ ይችላል። አዲሱ ላይ የሚከፈተው አዲስ ጥሪ ብቻ ይሁን።

እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ሲስተሞች ለተወሰኑ ወራት ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወጪው ድርብ ስለሆነ አለቆች አይወዱትም። ቢሆንም ትልልቆቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፋስትሌን የሚባል ሲስተም ነበረው። ሪሰርች ዶት ጎቭ ወደሚባለው ያዛወረው አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ሁለቱን ለዓመታት እያሠራ ነው። አዲስ ፕሮፖዛል በፋስትሌን መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ከጥር 30 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። እነሱ በአንድ ሌሊት ካልዘለሉ እናንተን ማን ያስቸኩላችኋል?

2. አሮጌው ሲስተም በእርግጥ ምን እንደሚሠራ እዩ

የሲስተሙን ማኑዋል አትመኑ። ካለም ያረጀ ነው። ይልቅ ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጎን ወንበር ስባችሁ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጡ። ምን እንደሚጫኑ፣ የት እንደሚያጉረመርሙ፣ መቼ ሲስተሙን ትተው ኤክሴል እንደሚከፍቱ ጻፉ። ያ ኤክሴል የሲስተሙ አካል ነው። ማንም አይነግራችሁም እንጂ የፓነሉ የመጨረሻ ደረጃ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ ዳታቤዙ ውስጥ "7" የሚል የማመልከቻ ሁኔታ ነበር። 1 ረቂቅ፣ 2 ገብቷል፣ 3 በግምገማ ላይ እያለ ይሄዳል። 7 ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ከኮዱም ምንም አልተገኘም። ኋላ ላይ ጡረታ ልትወጣ ወራት የቀራት አንዲት ጸሐፊ ሳቀችና "እሱማ ተቀባይነት አግኝቶ ገንዘብ የጠፋለት ነው" አለች። ለካስ በየዓመቱ መጨረሻ የተረፈ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚታዩት እነዚያ ናቸው። ሳንጠይቅ "ውድቅ" ብለን አዛውረን ቢሆን ኖሮ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በዝምታ ይሰረዙ ነበር።

3. ምን ይሄዳል፣ ምን ይቀራል

ሁሉም ነገር መዛወር የለበትም። ሦስት ክምር አድርጉ። ገንዘብ እየተከፈለባቸው ያሉና ሪፖርት የሚጠበቅባቸው ግራንቶች ይዛወራሉ። ያለቁት ለማንበብ ብቻ በሚከፈት ማኅደር ይቀመጣሉ። የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈ ውድቅ ማመልከቻዎች ይሰረዛሉ።

ሦስተኛው ክምር ላይ ከሕግ ሰው ጋር ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውን መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማቆየትን ይከለክላል። ኦዲተሮች ደግሞ ቶሎ መሰረዝን ይከለክላሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ዓመት ቁጥር የሚወስነው ፕሮግራመሩ አይደለም።

4. የፊልድ ካርታ

በአንድ ወገን የአሮጌው ፊልድ (አንድ መረጃ የሚገባበት ቦታ)፣ በሌላ ወገን የአዲሱ፣ መሀል ላይ ምን ለውጥ እንደሚደረግበት፣ መጨረሻ ላይ ማን እንዳጸደቀው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሥሩ። አሰልቺ ነው። ግን ዋናው ሰነዳችሁ ይህ ነው።

የአሮጌውን የማመልከቻ ቁጥር በፍጹም አትጣሉ። አዲሱ የራሱን ቁጥር ይስጥ፣ የድሮው ግን ሊፈለግ በሚችል ፊልድ ውስጥ ይቀመጥ። በየውሉ፣ በየደብዳቤውና በሂሳብ ክፍሉ መዝገብ ላይ የተጻፈው እሱ ነው።

ዳታው በኤክሴል ውስጥ እንዲያልፍ ከተገደዳችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኤክሴል ከቁጥር ፊት ያሉ ዜሮዎችን ይጥላል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የኦርኪድ መለያ 16 አሃዝ ነው፤ የሚጀምረውም በዜሮዎች ነው። ሰረዞቹ ወጥተው እንደ ቁጥር ከገባ የፊተኞቹ ዜሮዎች ይጠፋሉ። ስህተቱን የሚጠቁም መልእክት አይመጣም። ደግነቱ የኦርኪድ የመጨረሻ ምልክት ከፊተኞቹ 15 የሚሰላ ማረጋገጫ ነው፤ አንዳንዴም ኤክስ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ የጠፉትን ዜሮዎች እስከ 16 አሃዝ ሞልታችሁ፣ ሁሉንም በስክሪፕት (በትንሽ ፕሮግራም) አስልታችሁ ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የድሮው የኤክሴል ፋይል ደግሞ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ሳይቆጠሩ የቀሩት በዚህ ጣሪያ ምክንያት ነበር። ከቻላችሁ ኤክሴልን መሀል አታስገቡት።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። አሮጌው ሲስተም "23:59" ብሎ የጻፈው በየት አገር ሰዓት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ በነበረበት አገር ነው። ሁሉንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ቀይሩና መነሻውን ጻፉበት። አለበለዚያ በሰዓቱ የገባ ማመልከቻ አዲሱ ላይ "ዘግይቶ የገባ" ተብሎ ይታያል።

5. ነጥቦቹ

ነጥብ ቁጥር ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አይደለም።

መጀመሪያ አቅጣጫውን እወቁ። ትልቅ ቁጥር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አሠራር ገምጋሚ ከ1 እስከ 9 ይሰጣል፤ ምርጡ 1 ነው። አማካዩ በ10 ተባዝቶ ከ10 እስከ 90 ያለ ውጤት ይወጣል። የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ገምጋሚዎች ግን እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ እያሉ በቃል ነው ደረጃ የሚሰጡት። ብዙ ሌሎች ቦታዎች 10 ወይም 100 ምርጡ ነው። አዲሱ ፕላትፎርም ትልቁን ከላይ እንዲደረድር ተደርጎ ከመጣና የናንተ ምርጥ ነጥብ 1 ከሆነ፣ ዝርዝሩ ተገልብጦ ይወጣላችኋል።

ሁለተኛ፣ የድሮ ነጥቦችን ወደ አዲስ መለኪያ ለመቀየር አትሞክሩ። የጤና ተቋማቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ1.0 እስከ 5.0 የነበረውን ትተው ወደ 1 እስከ 9 ሲሸጋገሩ ሁለቱ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። 2.3 የሰጠ ሰው በአዲሱ ስንት ይሰጥ እንደነበር ማን ያውቃል? የድሮውን እንዳለ አስቀምጡት፣ ጎኑ ላይ በየትኛው መለኪያ እንደተሰጠ ጻፉ፣ በቃ።

ሦስተኛው ባዶ ነጥብ ነው። አንድ ማመልከቻ ሦስት ገምጋሚ ነበረው እንበል። አንዱ 8፣ አንዱ 9 ሰጡ። ሦስተኛው በጥቅም ግጭት ራሱን አገለለ፣ ቦታው ባዶ ነው። አማካዩ 8.5 ነው። ዳታው ሲገለበጥ ባዶው ዜሮ ከሆነ ግን 5.67 ይሆናል። ጥሩ ፕሮፖዛል ውሃ በላው ማለት ነው።

አራተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው የማጠጋጋት ጉዳይ ነው። 84.5ን አንዱ ሲስተም 85 ያደርገዋል። ሌላው ወደ ቅርቡ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ 84 ይለዋል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሳይነገረው የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። የገንዘቡ መቁረጫ መስመር 85 ላይ ከሆነ የአንድ ተመራማሪ የሦስት ዓመት ሥራ እዚች ላይ ተንጠልጥሏል። የድሮውን አማካይ አዲሱ እንደገና እንዲያሰላው አትፍቀዱ። የተሰላውን ውጤት እንዳለ አዛውሩ። ከዚያ ለፍተሻ ብቻ አሰሉትና ልዩነት ያለበትን አንድ በአንድ እዩ።

6. የጥቅም ግጭትና ምስጢር

አሁን ወደ ዋናው ደረስን።

አሮጌው ሲስተም የጥቅም ግጭትን በሦስት መንገድ ሳይዘው አይቀርም። ገምጋሚው ራሱ "ከዚህ ሰው ጋር አብሬ ሠርቻለሁ" ያለው አለ። አንድ ተቋም ውስጥ ስለሆኑ ሲስተሙ ያገደው አለ። የፓነል ሰብሳቢው በስልክ ነግሮ ጸሐፊዋ በማስታወሻ ሳጥን ውስጥ የጻፈችው አለ። የመጀመሪያው በቀላሉ ይዛወራል። ሦስተኛው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይገባል። አቋራጭ የለውም።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ብዙ አሮጌ ሲስተሞች ተቋምን የሚለዩት በተጻፈው ስም ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ደግሞ በሙሉ፣ በምህጻር፣ በሁለት ቋንቋ፣ በፊደል ስህተት እየሆነ አሥር ዓይነት ተጽፏል። ጸሐፊዎቹ ግን ያውቁታል፣ በዓይናቸው ያጣሩታል። አዲሱ አውቶማቲክ ነው፤ ስሙ ካልገጠመ "ግጭት የለም" ይልና የአንድ ክፍል ባልደረቦችን እርስ በርስ ያገማግማቸዋል። ስለዚህ ከማዛወራችሁ በፊት የተቋማቱን ስሞች አጽዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሮር የተባለ ነጻ የምርምር ተቋማት መዝገብ ለየተቋሙ ቋሚ መለያ ይሰጣል። ስሞቹን ከዚያ መለያ ጋር አያይዟቸው። አድካሚ ነው፤ ግን አንዴ ነው።

የአጫጫን ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ክልከላዎቹ ከማመልከቻዎቹ ቀድመው ይግቡ። ማመልከቻዎቹ ለማንም በማይታዩበት ሁኔታ ይጫኑ፣ ፈቃድ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይከፈት። መጀመሪያ ሁሉን ከፍቶ ኋላ መዝጋት ማለት በመሀል ያለችው አንድ ሰዓት ለማንም ክፍት ናት ማለት ነው።

የሚከተለው በጣም ያስፈራኛል። ብዙ ሰው አመልካችም ገምጋሚም ነው። በአሮጌው ሲስተም ምናልባት ሁለት አካውንት ነበረው፤ አንዱ በሥራ ኢሜይሉ፣ አንዱ በግል። አዲሱ "ድግግሞሽ አገኘሁ" ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል። ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ግን ያ ሰው አሁን በአንድ መግቢያ ሁለት ሚና አለው። የገምጋሚ ገጹን ሲከፍት የራሱን ፕሮፖዛል፣ በሱ ላይ የተጻፈውን አስተያየትና የጻፉትን ሰዎች ስም ሊያይ ይችላል። አካውንት ከማዋሃዳችሁ በፊት ሁለት ሚና ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጡ። በሙከራ ሰርቨር ላይ በእያንዳንዳቸው ስም ገብታችሁ እዩ።

ሌሎች መሹለኪያዎችም አሉ፦

- ለአመልካቹ የሚላክ አስተያየትና ለፓነሉ ብቻ የተጻፈ አስተያየት። አሮጌው ሁለት ሳጥን ኖሮት አዲሱ አንድ ብቻ ካለው፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታጣብቁ። "ይህ ሰው የሚችለው አይመስለኝም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል።
- የፋይል ስም። ገምጋሚዎች የአስተያየት ፋይላቸውን በራሳቸው ስም ይሰይማሉ።
- የፒዲኤፍና የዎርድ ሜታዳታ። ጽሑፉ ስም ባይኖረውም ፋይሉ ውስጥ "ደራሲ" የሚል ቦታ አለ። አሮጌው ሲስተም ሲያወርድ ያጸዳው ነበር ይሆናል። አዲሱስ?
- ቅደም ተከተል። "ገምጋሚ 1፣ 2፣ 3" በፊደል ተራ ከሆነና የፓነሉ አባላት ዝርዝር ይፋ ከሆነ፣ መገመት ቀላል ነው።

ፍተሻውን እንዲህ አድርጉ። አመልካች፣ ገምጋሚ፣ ሰብሳቢ፣ የቢሮ ሠራተኛ የሚሆኑ የሙከራ አካውንቶች ፍጠሩ። ለእያንዳንዳቸው ማየት የሌለባቸውን ዝርዝር ጻፉ። ከዚያ ለማየት ታገሉ። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ቀይሩ። በመፈለጊያው ሳጥን ፈልጉ። ወደ ኤክሴል የሚያወርደውን ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ ፕላትፎርሞች ገጹ ላይ የደበቁትን በሚወርደው ፋይል ውስጥ ይረሱታል።

7. አካውንትና ኢሜይል

ፓስወርድ አታዛውሩ። የድሮው ምናልባት ደካማ በሆነ መንገድ ነው የተመሰጠረው። ሁሉም አዲስ ይፍጠር። ግን ለሁሉም በአንድ ቀን "ፓስወርድዎን ይቀይሩ" የሚል ኢሜይል ብትልኩ ግማሹ ሌባ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። መጀመሪያ ሰዎች በሚያውቁት አድራሻ፣ ሊንክ በሌለው ተራ ደብዳቤ አስጠንቅቁ። አዲሱ ፕላትፎርም በናንተ ስም ኢሜይል እንዲልክ የዶሜይናችሁ መዝገብ ላይ የሚገባውን ፈቃድ አስገቡ። አለበለዚያ የግምገማ ግብዣው በሙሉ ስፓም ውስጥ ያድራል፣ እናንተም "ገምጋሚዎች ዘንድሮ ምን ነካቸው?" ትላላችሁ።

የሙከራ ሰርቨር ላይ ደግሞ ኢሜይል መላክን ከሥሩ ዝጉ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የሙከራ ዳታው እውነተኛ አድራሻ ነበረበት። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮፌሰሮች "ግምገማዎ ዘግይቷል" የሚል ማሳሰቢያ ደረሳቸው። ምንም የሚገመግሙት አልነበራቸውም። ይቅርታ ስጠይቅ ሳምንት ሙሉ ዋልኩ። አንዱ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ "ዘግይቻለሁ እንዴ?" ይለኛል።

8. ልምምድ

ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሙሉውን መዛወር ተለማመዱ። አንደኛው ሁሌም ይከሽፋል፤ ለመክሸፍ ነው የሚደረገው። ሁለተኛው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሳያችኋል። ሦስተኛው ያለ እናንተ፣ በጻፋችሁት ሰነድ ብቻ በሌላ ሰው እጅ ይሠራ።

በየልምምዱ ቁጠሩ። ስንት ማመልከቻ፣ ስንት ግምገማ፣ ስንት ፋይል፣ ጠቅላላ የጸደቀ ገንዘብ በየዓመቱ ስንት። በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መግጠም አለበት። "ሊገጥም ትንሽ ቀረው" የሚባል ነገር የለም። ለፋይሎች ከመዛወሩ በፊትና በኋላ የሻ 256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ፋይሉ ትንሽ ከተለወጠ የሚለወጥ ኮድ) አውጡና አወዳድሩ። ከዚያ 30 ማመልከቻ በዕጣ አውጥታችሁ፣ ነገሩን ከሚያውቁ የቢሮ ሠራተኞች ጋር በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን እዩ። ማሽን ያልያዘውን ዓይናቸው ይይዛል።

ባክአፑንም መልሳችሁ ክፈቱት። ተመልሶ ተከፍቶ የማያውቅ ባክአፕ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከልምምዱ በኋላ ትንሽ ገንዘብ ያለበትን፣ ጥቂት ሰው የሚያመለክትበትን አንድ ጥሪ በአዲሱ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስኬዱ። ለስብሰባ ጉዞ የሚሰጥ ድጋፍ ዓይነት ይበቃል። ትልቁን ጥሪ መሞከሪያ አታድርጉ።

9. የመዛወሪያው ቀን

ዓርብ አይሁን። ሻጩ ድርጅት ሰው የሚኖረው በሥራ ቀን ነው። የማመልከቻ መዝጊያ ቀንም ቢያንስ አራት ሳምንት ይራቅ።

አሮጌውን ለማንበብ ብቻ አድርጉት፣ የመጨረሻውን ባክአፕ ውሰዱ፣ ጫኑ፣ ቁጠሩ፣ የምስጢር ፍተሻውን ድገሙ። ከመጀመራችሁ በፊት "እስከ 9 ሰዓት ቁጥሩ ካልገጠመ ወደ አሮጌው እንመለሳለን" የሚል ውሳኔ በጽሑፍ ይኑር። ወሳኙም ማን እንደሆነ ይጻፍ። የደከመ ሰው ማታ ላይ "ትንሽ ብቻ ነው የቀረው" ማለት ይወዳል።

የድሮ ሊንኮች ወደ አዲሱ እንዲመሩ አድርጉ። ውሳኔ ደብዳቤዎች ላይ የታተሙ ሊንኮች ለዓመታት ይከፈታሉ።

10. አሮጌውን መቼ እናጥፋ?

የመጀመሪያው ትልቅ ዙር አዲሱ ላይ አልቆ፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው እስኪያልፍ አታጥፉት። ያልተቀበላችሁት አመልካች ቅሬታ ሲያቀርብ ማን መቼ ምን ነጥብ እንደሰጠ የሚያሳየው ሎግ ያለው እዚያ ነው። ሎጉ ወደ አዲሱ ብዙ ጊዜ አይዛወርም። ስለዚህ ለብቻው በተራ ጽሑፍ ፋይል አውጥታችሁ አስቀምጡት።

ሲጠፋም ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንዱ ከአይቲ፣ አንዱ ከግራንት ቢሮ። ዲስኩ ውስጥ የሺዎች ገምጋሚ ስምና ምስጢራዊ አስተያየት አለ። ሰርቨሩ ለሌላ ሥራ ከመሰጠቱ ወይም ከመሸጡ በፊት በትክክል መደምሰሱን በዓይናችሁ እዩ። የማኅደሩ የምስጠራ ቁልፍ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ብቻ እንዳይቀርም አረጋግጡ፤ እሱም አንድ ቀን ሥራ ይለቃል።